ሰውን በአመለካከቱ መመዘን ያዋጣል ወይ?

ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች አጠገቤ ይቀመጡ ነበር። አንደኛው የሐሳብ ወዳጄ ነው። ዜና ሲሰማ እኔን የሚያናድደኝ ያናድደዋል፣ እኔን የሚያስቀኝ ያስቀዋል። ስለ ፍትሕ፣ ስለ ሴቶች መብት፣ ስለ ድሃ ሲናገር ቃሉን ከአፌ የነጠቀኝ ይመስለኝ ነበር። ሌላው ተከራካሪዬ ነው። በምንም ጉዳይ ተስማምተን አናውቅም። አንዳንድ ቀን የሚናገረውን ስሰማ «ይሄ ሰው ጤነኛ ነው?» እላለሁ በሆዴ።

አንድ ቀን ከሦስታችን እጅ በወጣ ሪፖርት ላይ ትልቅ ስህተት ተገኘ። አንድ ቁጥር ላይ የማይገባ ዜሮ ተጨምሮበታል። አለቃችን ወረቀቱን ይዘው መጡና «ይህን ያየው ማነው?» አሉ። ስሜ ከሁሉም በላይ ስለተጻፈ ዐይናቸው እኔ ላይ ነው ያረፈው። የሐሳብ ወዳጄ ኪቦርዱ ላይ አቀርቅሮ መጻፍ ጀመረ። ምን ይጽፍ እንደነበር እግዜር ይወቀው፤ ስክሪኑ ጠፍቶ ነበር። ተከራካሪዬ ተነሣ። መጣና ገጹ ግርጌ ያለች ትንሽ ፊርማ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ይቺ የኔ ናት። ሳላየው ነው የፈረምኩት» አለ። ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንሥቶት አያውቅም።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ከመደሰቴ ይልቅ ግራ መጋባቴ ይበልጥ ነበር። ሳላስበው አንድ ሒሳብ ይዤ ኖሬያለሁ፤ ጥሩ አመለካከት ያለው ሰው ጥሩ ሰው ነው የሚል። ሒሳቡ ዐይኔ እያየ ተፋለሰ።

ይህ ሒሳብ የኔ ብቻ አይደለም። ዛሬ ሰውን ከመተዋወቃችን በፊት አቋሙን እናውቃለን። ድሮ የጎረቤትህ ጠባይ አስቀድሞ ይታወቅሃል፤ ስለ ፖለቲካ ምን እንደሚያስብ ከዓመታት በኋላ ብትሰማ ነው። አሁን ተገልብጧል። ድምፁን ሰምተነው የማናውቀው ሰው ሼር ባደረገው አንድ ጽሑፍ የተነሣ «አረመኔ» ወይም «ቅን ሰው» ብለን መዝግበነዋል። ጓደኝነት በዚህ ይቋረጣል፣ ሥራ በዚህ ይከለከላል፣ ትዳር ሳይቀር በዚህ ይታሰባል።

ስለ ትዳር ካነሣን አይቀር፣ አሜሪካኖች የተጠየቁት አንድ ጥያቄ አለ። ልጅህ የተቃራኒውን ፓርቲ ደጋፊ ቢያገባ ምን ይሰማሃል? በ1960 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቅር ይለኛል ያሉት ከሁለቱም ወገን 5 በመቶ ገደማ ነበሩ። በ2010 ከሪፐብሊካኖች ግማሽ ያህሉ፣ ከዴሞክራቶች ሲሶ ያህሉ ቅር ይለናል አሉ። ማንም አባት የአማቹን የግብር ፖሊሲ አቋም ፈርቶ እንቅልፍ አያጣም። የሚፈራው ሰውየውን ነው። አቋሙን የሰውየው ፎቶ አድርጎ ወስዶታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ «እምነት» ስንል ሃይማኖትም ነው፣ መተማመንም ነው፣ «እኔ እንዲህ ብዬ አምናለሁ» የምንለው አቋምም ነው። ጥሩ ድብልቅልቅ ነው። እኔ የማወራው ስለ ሦስተኛው ነው፤ ሰው ስለ ዓለም፣ ስለ ሌላው ሰው፣ ስለ ልክና ስህተት ይዤዋለሁ ስለሚለው ነገር። ደግሞ ቋንቋችን ለዚህ ጉዳይ ሁለት ጥሩ ቃላት አሉት፦ ከአንገት በላይና ከአንጀት። የአንዱ አቋም ከአንገት አይወርድም፤ የሌላው አንጀቱ ውስጥ ነው። ችግሩ ከውጭ ሲያዩዋቸው ሁለቱም አንድ ይመስላሉ።

ለዚህ ከማውቀው ማስረጃ ሁሉ የምወደው አሮጌ ነው። ሪቻርድ ላፒየር የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ከ1930 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ከአንድ ወጣት ቻይናዊና ከባለቤቱ ጋር በመኪና አሜሪካን ዞረ። ጊዜው ለቻይናውያን ክፉ ነበር። በ1882 የወጣው፣ ቻይናውያን ሠራተኞች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ የሚከለክለው ሕግ ገና አልተሻረም። ሦስቱ ሰዎች በሆቴልና በምግብ ቤት ደጃፍ 251 ጊዜ ቆሙ። ስንት ጊዜ ተባረሩ? አንድ ጊዜ።

ላፒየር ስድስት ወር ያህል ቆይቶ ለነዚያው ቤቶች ደብዳቤ ጻፈ። «ቻይናውያንን በእንግድነት ትቀበላላችሁ?» 128 መልስ መጣለት። ከ90 በመቶ በላዩ «አንቀበልም» የሚል ነው።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያወራው «ሰው አፉ ሌላ ተግባሩ ሌላ ነው» ለማለት ነው። እኔን የሚስበኝ ሌላው ጎኑ ነው። ሰው ከአቋሙ ያነሰ ሆኖ ሲገኝ ማየት ለምደናል፤ ግብዝ እንለዋለን፣ ስድቡም ዝግጁ ነው። እዚህ ግን ሰዎቹ ከአቋማቸው የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ለዚህ ስድብም ምስጋናም የለንም። ደብዳቤውን የሚመልሰው ሰው አእምሮ ውስጥ ያለው «ቻይናዊ» የሚል ስዕል ነው። የሆቴሉ ባንኮኒ ፊት የቆመው ግን ሻንጣ የያዘ፣ የደከመው፣ ፈገግ ብሎ በጥሩ እንግሊዝኛ ክፍል የሚጠይቅ ሰው ነው። ስዕሉን «ውጣ» ማለት ይቀላል። ሰውየውን ለማለት ጨከን ያለ ልብ ይጠይቃል።

ሙከራው እንከን አለበት፣ አይካድም። ደብዳቤውን የመለሰው እንግዶቹን ያስተናገደው ሰው ላይሆን ይችላል። አንድ ነጭ አሜሪካዊ አብሯቸው መኖሩም ነገሩን ቀይሮት ይሆናል። ነገር ግን በ1969 አለን ዊከር የሚባል ተመራማሪ እስከዚያ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲያያቸው ሥዕሉ ብዙም የተለየ አልነበረም። የሰዎች አመለካከትና ድርጊት የተያያዙበት መጠን እስከ 1 በሚደርስ መለኪያ ከ0.30 የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው። ከዜሮ ይሻላል፤ ሰው ለመፍረድ ግን አያበቃም።

ታዲያ አመለካከት ምንም አይናገርም ማለት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ነገሩ ረቀቅ ይላል። በ1979 የወጣ አንድ ጥናት ሴቶችን ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ጠየቀና ለሁለት ዓመት ተከታተላቸው። በጥቅሉ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ያላቸው አመለካከት እንክብል ይውሰዱ አይውሰዱ ለመተንበይ የረዳው ከምንም አይቆጠርም፣ 0.08። «በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት እንክብል ስለ መውሰድሽ ምን ታስቢያለሽ?» ተብለው ሲጠየቁ ግን 0.57 ደረሰ። ጥያቄው ወደ ድርጊቱ በቀረበ ቁጥር መልሱ እውነት እየሆነ ይሄዳል።

ይህን ወደ ራሳችን ስናመጣው ትልቅ ነገር ነው። «በሰው ልጅ እኩልነት አምናለሁ» የሚለው አረፍተ ነገር ሰፊ ነው፤ ሁሉም ሰው ይገባበታል። «አንተ ስትሾም እኔ ስቀር ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጠባብ ነው። ሰው ራሱን የሚያስተዋውቀው በሰፊው ነው። የሚኖረው ግን በጠባቡ ውስጥ ነው።

ምናልባት ስለ ልክና ስህተት አጥብቀው የሚያስቡ ሰዎች ይለዩ ይሆናል የሚል ይኖራል። ኤሪክ ሽዊትዝጌብል የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ ይህንኑ ነበር ለማወቅ የፈለገው። ከባልደረባው ከጆሹዋ ረስት ጋር የሥነ ምግባር ፍልስፍና የሚያስተምሩ ፕሮፌሰሮችን ከሌሎች ፕሮፌሰሮች ጋር አነጻጸሩ። የአጥቢ እንስሳት ሥጋ አዘውትሮ መብላት መጥፎ ነው ያሉት ከሥነ ምግባር መምህራኑ 60 በመቶ ናቸው። ከፍልስፍና ውጭ ካሉት ፕሮፌሰሮች እንዲህ ያሉት 19 በመቶ ብቻ። ትልቅ ልዩነት ነው። ትናንት ማታ ሥጋ በልተሃል ወይ ሲባሉስ? ከሥነ ምግባር መምህራኑ 37 በመቶ አዎ አሉ፣ ከሌሎቹም የጎላ ልዩነት አልተገኘም። እናታቸውን በመጠየቅም አልተሻሉም። ሽዊትዝጌብል ቀደም ሲል የቤተ መጻሕፍት መዝገብ አገላብጦ የሥነ ምግባር መጻሕፍት ከሌሎች የፍልስፍና መጻሕፍት ይበልጥ ጠፍተው እንደሚቀሩ አግኝቷል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ መደርደሪያዬን ዞር ብዬ አየሁ። ሳልመልሳቸው የቀረሁ ሁለት መጻሕፍት አሉኝ።

ችኮላ ብቻውን እንኳ ምን ያህል እንደሚያደርግ የሚያሳይ ሙከራ አለ። በ1973 በታተመው በዚህ ሙከራ የፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎች ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው ንግግር እንዲያደርጉ ተነገራቸው። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር ተጣጥፎ እያሳለ ያቃስታል። ጊዜ ካላቸው ውስጥ 63 በመቶ ቆመው ረዱት። ዘግይታችኋል ከተባሉት 10 በመቶ። ከፊሎቹ ሊናገሩ የሚሄዱት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። በሃይማኖታቸው የያዙት አቋምም ማን እንደሚቆም ለማወቅ አልረዳም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ «እምነት ከንቱ ነው፣ ተግባር ብቻ እይ» ወደሚል መደምደሚያ የሚሄድ ይመስላል። ብዙ ጸሐፊም እዚያው ላይ ያቆማል። እኔ ግን ይህ አይዋጥልኝም። ምክንያቴ ጆን ኒውተን ነው።

ኒውተን እንግሊዛዊ መርከበኛ ነበር፣ በባሪያ ንግድ የተሰማራ። በ1748 አትላንቲክ ላይ ማዕበል መርከቡን ሊያሰምጠው ሲል ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱን አማኝ አድርጎ ቆጠረ። ልብ በሉ፣ ከአንገት በላይ አልነበረም። መሳደብ ተወ፣ ይጸልያል፣ ማስታወሻው ላይ ነፍሱን ይመረምራል። ከዚያስ? ከ1750 እስከ 1754 የባሪያ መርከብ ካፒቴን ሆኖ ሦስት ጊዜ ተጓዘ። እሑድ እሑድ መርከበኞቹን ሰብስቦ ጸሎት ይመራል። ከእግሩ በታች፣ ከወለሉ ሥር፣ ሰዎች በሰንሰለት ታስረው ተጋድመዋል። ባሕሩን የተወውም ኅሊናው ወቅሶት ሳይሆን ታሞ ነው። በኋላ ቄስ ሆነ። የባሪያ ንግድን የሚያወግዝ ጽሑፍ ያወጣው በ1788 ነው፤ ከማዕበሉ 40 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ግን አልሸሸገም። ያየውን፣ ያደረገውን ዘርዝሮ ጻፈ፣ አፈረበትም። ጽሑፉ ንግዱን ለማስቀረት ለሚታገሉት ጠቃሚ ምስክርነት ሆነ። እንግሊዝ ንግዱን በሕግ የከለከለችው በ1807 ነው፤ ኒውተንም ይህን አይቶ በዚያው ዓመት ሞተ።

ግብዝ ልንለው እንችላለን? እኔ አልችልም። ወለሉ ላይ አብረውት ለሚጸልዩት ጠባዩ እውነት ነው የተለወጠው። የጎደለው ሌላ ነው። ከወለሉ ሥር ያሉት ሰዎች «ባልንጀራ» በሚለው ቃል ውስጥ አልገቡለትም።

እኔ እንደማየው እምነት ትልቁን ሥራ የሚሠራው እዚህ ነው። እምነት ሰውን ደግ ወይም ክፉ አያደርገውም። ክብ ይሰምራል። ማን ከመስመሩ ውስጥ እንደሚገባ፣ ማን ውጭ እንደሚቀር ይወስናል። ጠባይ ደግሞ ከውስጥ ላሉት ምን እንደምናደርግ ነው። ደግ ሰው ክቡ ጠባብ ሲሆን ከውጭ ላሉት ሰዎች አውሬ ሊሆን ይችላል፣ ያውም ሳይታወቀው፣ በንጹሕ ኅሊና። ክቡን ሰፊ አድርጎ የሰመረ ሰው ደግሞ ለዓለም ሁሉ ሲያለቅስ አጠገቡ ላለው ሰው አንዲት ጣት ላያነሣ ይችላል። የሐሳብ ወዳጄን አስታወሳችሁት?

ክቡን ወደ ጎን ገፍተው የሚያልፉ ሰዎችም አሉ። ጆን ራበ ጀርመናዊ ነጋዴ ነበር፣ ቻይና ውስጥ ሲመንስ የተባለው ኩባንያ ሠራተኛ፣ የናዚ ፓርቲ አባል። በ1937 የጃፓን ጦር ናንጂንግ ከተማ ሲገባ አልሸሸም። ከሌሎች የውጭ ዜጎች ጋር የመጠለያ ቀጠና አቋቁሞ መሪው ሆነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እዚያ ተጠለሉ። ከ600 በላይ የሚሆኑት የሰፈሩት ግቢው ውስጥ ነበር። አውሮፕላኖች እንዳይደበድቧቸው የናዚ ምልክት የሆነውን ስዋስቲካ የያዘ ትልቅ ባንዲራ ግቢው ላይ ዘረጋ። ሰዎቹ ከሥሩ ተጠለሉ። በሌላ አህጉር የሞት ምልክት የሆነው ጨርቅ እዚህ ጣሪያ ሆነ። ራበ በ1938 በርሊን ሲመለስ የጃፓን ወታደሮች ሲፈጽሙት ያየውን ግፍ ለሂትለር ጻፈ፤ ቢያውቅ ያዝናል ብሎ ተስፋ አድርጎ። የመጣለት መልስ የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ ጌስታፖ፣ ነው። ያዙት፣ መረመሩት፣ ስለ ጉዳዩ እንዳይናገር ከለከሉት። ይህ ሰው ልቡ ከፓርቲው የተሻለ ነበር፣ ጭንቅላቱ ግን ፓርቲው ምን እንደሆነ አላየም። ናንጂንግ ስለነበረ ጀግና ሆነ። በርሊን ቢቀር ምን ይሆን ነበር? እኔ ለመገመትም እፈራለሁ።

እምነትና ጠባይ አንድ ላይ ሲገጥሙም ይታያል። ለ ሻምቦን ሱር ሊኞን የምትባል የፈረንሳይ ተራራማ መንደርና አካባቢዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን ሸሸገች፣ አብዛኞቹ አይሁድ። ፓስተሩ አንድሬ ትሮክሜ በ1942 የተሸሸጉትን ስም ዝርዝር አምጣ ሲባል አልሰጥም አለ። ዘመዱ ዳንኤል ትሮክሜ ከሚጠብቃቸው ወጣቶች ጋር ተይዞ በ1944 ማይዳኔክ በሚባለው የናዚ ካምፕ ሞተ። የመንደሩ ሰዎች ከ1685 በኋላ እምነታቸው በሕግ የተከለከለባቸው ፕሮቴስታንቶች ዘር ናቸው። አባቶቻቸው የተሸሸጉበትን ታሪክ ከሕፃንነታቸው ሲሰሙ አድገዋል። የነሱ እምነት መግለጫ አልነበረም። ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ልምድ ነበር፤ በር ሲንኳኳ ምን እንደሚደረግ ያውቁታል።

ስለዚህ አሁን የሰው አቋም ስሰማ የምጠይቀው ተለውጧል። ይህ አቋም ምን አስከፈለው? ከጓደኞቹ ጋር ያጣላው፣ ጥቅም ያስቀረበት ከሆነ ስለ ሰውየው አንድ ነገር ነግሮኛል። የሚያገኘው ጭብጨባ ብቻ ከሆነ የነገረኝ ስለ ጓደኞቹ ነው። አብዛኞቻችን አቋማችንን የወረስነው ከተወለድንበት ቤት ነው፣ እንደ አፍንጫችን። በአፍንጫው ማንም አይመሰገንም። ደግሞ በአቋሙ ውስጥ ከክቡ ውጭ የቀረው ማነው? ይህኛውን መጠየቅ ደስ አይልም፣ ምክንያቱም የኔም ክብ ውጭ ያስቀረው ሰው አለ።

ተከራካሪዬን ረስቼው አይደለም። ከፊርማው ታሪክ ስድስት ወር ገደማ በኋላ ክፍላችን አዲስ ሰው ሊቀጥር ነበር፣ እሱም ከመራጮቹ አንዱ ሆነ። ከሁሉም የተሻለ ውጤት ያመጣችው ሴት ናት። መስክ መውጣት ያለበት ሥራ ነው። «ሴት ልጅ እዚያ ድረስ አትላክም» አለ። ሲናገር አልጮኸም፣ አልተሳደበም። የራሱ እህት ብትሆንም ይህንኑ እንደሚል አውቃለሁ። ለሷ ያዘነላት መስሎት ነበር። ሌላ ሰው ተቀጠረ። የኔን ጥፋት እኩል የተሸከመው ያው ሰውዬ፣ ያው ጣት፣ ውጤቷን የያዘውን ወረቀት ከክምሩ ላይ አንሥቶ ከሥር ከተተው። የሐሳብ ወዳጄም እዚያው ነበር። በኋላ ሻይ ላይ አምርሮ ተናደደ። ስብሰባው ላይ ግን ትንፍሽ አላለም። እኔም አላልኩም።

ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ደወሉልኝ። ተከራካሪዬ እነሱ ዘንድ ለኃላፊነት አመልክቷል፣ ስሜን በምስክርነት ሰጥቷል። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉኝ። የፊርማውን ነገር ነገርኳቸው። ቀጥዬ የልጅቷን ነገር ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ይቅርታ፣ ግልጽ አልሆነልኝም። ጥሩ ሰው ነው እያሉኝ ነው ወይስ አይደለም?» አሉ።

«ሥራው ሰው የሚቀጥርበት ነው ወይስ አብሮ የሚሠራበት?» አልኳቸው።

«ሁለቱንም» አሉ።